በሬዬን ደምበጫ ገበያ ያወጣሁበት ቀን

ዐረብ አገር ልሂድ ብዬ የተነሣሁት በብስጭት ነው። ማዳበሪያው በየዓመቱ ይወደዳል፣ መሬቱ እንደ እኔ አርጅቷል። ደላላው ደግሞ ምላሱ ቅቤ ነው። "እዚያ ዝናብ አይጠበቅም፤ በወር በወር ደመወዝ ነው" አለኝ። ሥራው ምንድን ነው ስለው፣ የፍየል መንጋ መጠበቅ ነው አለ።

"እሱንማ እዚሁ በነጻ ጠግቤዋለሁ" አልሁት። ግን ነገሩ ልቤ ገባ።

ብሄድ የቆርቆሮ ቤት እሠራለሁ፤ ልጄም ማርቆስ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። በሌላ በኩል የአጎቴ ልጅ ሄዶ የመጣው ወገቡን እዚያው ጥሎ ነው፤ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አያስርም። ሚስቴን ብጠይቃት፣ "ሂድ ብልህም ትወቅሰኛለህ፣ ቅር ብልህም ትወቅሰኛለህ። ራስህ ቁረጥ" አለች። እውነቷን ነው።

ቆረጥሁ። ለመንገዱ የሚሆን ያለኝ አንድ በሬ ነው፤ ልሸጠው ደምበጫ ነዳሁት። ለጎረቤቴ አልነገርሁትም። እሱም አንድ በሬ፣ እኔም አንድ በሬ፤ አቀናጅተን ነው የምናርሰው፣ ዛሬ የእሱን፣ ነገ የእኔን። ቢሰማ ይጨቀጭቀኛል። ደግሞስ በሬው የራሴ አይደል?

ገበያ መሃል ቆሜ ሳለሁ፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ጎረቤቴ የራሱን በሬ እየነዳ ከተፍ አለ።

"አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ መጣህ?" አልሁት።

"ልሸጥ ነዋ! ብቻውን ምን ያርስልኛል? አንተ የሰው ፍየል ልትጠብቅ ስትሄድ እኔ ከሚስቴ ጋር ልጠመድ?"

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በሬዎቹ ማንም ሳያቆማቸው እንደ ልማዳቸው የእኔው በቀኝ፣ የእሱ በግራ ተጠግተው ቆሙ። አንድ ባለ ሉካንዳ መጥቶ ሻኛቸውን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና፣ "ሁለቱንም ልውሰዳቸው" አለ።

"አንሸጥም" አልሁ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን አስኳተንኸኝ፣ አንተ ደረቅ!" ጎረቤቴ እስከ ቤታችን ድረስ ሲሰድበኝ መጣ። በሬዎቹ ከፊታችን ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

የቆርቆሮ ቤት አልሠራሁም። ማዳበሪያውም አልረከሰም። ልጄ ከቤት እየተመላለሰች ተማረች፤ "አባዬ፣ ከበሬው አንተ ትብሳለህ" እያለች እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። የእርሻ ወራት ሲገባ ጎረቤቴ በጠዋት በሬውን እየነዳ ደጄ ላይ ይቆማል። እግዜር ይስጠውና ሰላምታ አያውቅም።

"ዐረብ አገር ሄድህ ወይስ አለህ?" ይለኛል።

"አለሁ" እላለሁ፤ ቀንበሬን አንሥቼ እወጣለሁ።