ያዘዘው ሰው ስምና ፊርማ

ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ላይ ተነሥቼ፣ ያልሠራሁትን ስህተት ሠርቻለሁ ብዬ ግለ ሂስ አደረግኩ። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ናዝሬት ወዳለ የዘር ሙከራ ቢሮ ለተግባር ልምምድ ተልኬ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ከፊት ወንበር ሆነው፣ «ድምፅሽ አይሰማም። ማነው የተሳሳተው? ከነስምሽ ድገሚው!» አሉኝ። ደገምኩት። ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁሩታ፣ ከአቦምሳና ከመቂ ጣቢያዎች የቦሎቄ ሙከራ ውጤት ይመጣልናል። እኛ እናሰላውና፣ አዲሱ ዘር ለገበሬ ይሰራጭ አይሰራጭ ብሎ ለሚወስነው የአዲስ አበባ ኮሚቴ እንልካለን። የመቂውን ሳሰላ ኃላፊው አጠገቤ ቆመው፣ «እነዚህን ሁለት የማሳ መደቦች ከስሌቱ ተያቸው፤ ውሃ ተኝቶባቸዋል» አሉኝ። የሁለቱ መደቦች ምርት ዝቅ ያለ ነበር፤ ዘሩን ደግሞ ለሙከራ የመረጡት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ተውኳቸው። ኮሚቴው ከጣቢያው ጥሬ ውጤት ተነሥቶ ስሌቱን ቢደግመው ሌላ ቁጥር ወጣለትና ሪፖርቱን መለሰው። ኃላፊውም «ያሰላችው ተማሪዋ ናት» አሉ። የልምምድ ወረቀቴ ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ ካልፈረሙ ሁለተኛ ዓመት የለም። ስለዚህ ግለ ሂሴን አድርጌ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሌላ ሥራ ሰጡኝ። «ጣቢያዎቹ የሚሞሉት በየራሳቸው መንገድ ነው። አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጂ። ኮሚቴው እኛን ሳይጠይቅ፣ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ስሌቱን መድገም መቻል አለበት።»

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከልቤ ሠራሁት። ሁሩታ በኪሎ ይልካል፣ አቦምሳ በኩንታል፣ መቂ እርጥበቱን ሳይቀንስ። ሁሉንም በተራ ቁጥር አስቀመጥኩ፦ በምን ተመዘነ፣ እርጥበቱ ስንት ነበር፣ ማን አሰላ፣ ማን አመሳከረ። ይህን የጻፍኩት ለኮሚቴው ነው። ተራ ቁጥር ዘጠኝን ግን የጻፍኩት ለእሳቸው ነው። ቂሜን በማስመሪያ አሰመርኩት፦ «ከስሌት የቀረ መደብ፤ ምክንያት፤ እንዲቀር ያዘዘው ሰው ስምና ፊርማ።»

ቅጹ እንዲባዛ ስቴንስሉን የመቱልኝ የቢሮው ታይፒስት የእናቴ እኩያ ናቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ምነው እንዲህ ሰፋ?»

«የኃላፊው ፊርማ ትልቅ ስለሆነ ነው፣ እትዬ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ዋ! አንቺን ነው ዝምተኛ የሚሉሽ?» አሉና ሳጥኑን ሁለት መስመር ጨመሩበት።

ኃላፊው ለስብሰባ ሲጣደፉ አቀረብኩላቸው። የመጀመሪያውን ገጽ አይተው «ጎበዝ!» አሉና አጸደቁት። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

ኮሚቴው ቅጹን ወደደው፤ የተመለሰውን ሪፖርት በዚሁ ሞልታችሁ ላኩ አለ። ሞላሁትና ተራ ቁጥር ዘጠኝን ብቻ ባዶ ትቼ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ያጸደቁት ቅጽ ነው፣ ጓድ።»

«በቃ አንቺ ፈርሚበት።»

«ያዘዘው ሰው ነው የሚለው፣ ጓድ። እኔ የታዘዝኩት ነኝ።»

ወረቀቱን ብዙ አዩት። መደቦቹን ቢመልሱ ዘራቸው ይወድቃል። «ውሃ ተኝቶበት» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ተራ ቁጥር ዐሥር የጣቢያው የማሳ መዝገብ ግልባጭ ይያያዝ ይላል፤ አያያዝኩት። መዝገቡ ውስጥ ስለ ውሃ አንድ ቃል እንደሌለ አስቀድሜ አንብቤ ነበር።

የኮሚቴው ደብዳቤ ጊዜ አልፈጀም፤ መዝገቡ የማያውቀው ውሃ ከየት መጣ ይላል። ደብዳቤው በደረሰ በተከታዩ ሰኞ የውይይት ክበቡ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። የልምምድ ጊዜዬ እያለቀ ስለነበር፣ ወረቀቴ ዓርብ ዕለት፣ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት፣ ተፈርሞልኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ኃላፊው ተነሥተው «በመቂ ውጤት ላይ ስህተት ተፈጽሟል» አሉና ሊቀመጡ ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ፣ ለቃለ ጉባኤው ነው። የተሳሳተው ማን ነው ብዬ ልጻፍ?»

ታይፒስቷ ሳል ያዛቸው። ኃላፊው ወለሉን እያዩ ስማቸውን ተናገሩ።

«ይቅርታ ጓድ፣ አልተሰማኝም» አልኩ።

ሰምቼ ነበር።