አሜን የዘገየበት ሰማይ

በሌሊት ሰማዩን ቀለም በቀለም ስለሚያደርገው የሰሜን ብርሃን ሦስት መጽሐፍ ተውሼ አንብቤአለሁ። ሦስቱም ብርሃኑ ሰው እንደማይጠብቅ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር አስጎብኚ ቀጥረን፣ በቫን ከሰፈራችን ከማርቲንዴል ወደ ሰሜን ስንወጣ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም።

አንድ ጨለማ ሜዳ ላይ ወረድን። ብርዱ ሽፋሽፍት ያደርቃል፤ ሰማዩ ግን ባዶ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌያችን "እስኪመጣ ድረስ በአጭሩ እንጸልይ" አሉ። የእሳቸውን "በአጭሩ" የማያውቅ የለም። ዓይናችንን ጨፈንን።

ስለ መንገዱ አመሰገኑ። ስለ ቫኑ ሂተርም አመሰገኑ። በዚህ መሐል አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠራረገ። ትሁት ፈረንጅ ስለሆነ ጸሎት ማቋረጥ አልደፈረም፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ደገመው። መጥቷል ማለት ነው! በጸሎት መሐል ዓይን መግለጥ ደግሞ ነውር ነው። በሁለቱም እጄ ጓንቴን ጨምቄ ቆምኩ።

"ጌታ ሆይ" አሉ ጋሼ፣ "ስለዚህ አረንጓዴ ተመስገን። ከላዩ ስላለው ሐምራዊም ተመስገን። አሁን ደግሞ እየተጠማዘዘ ወደ ግራ ስለሚሄደው..."

ከጎኔ የቆሙት ባለቤታቸው አላስጨረሷቸውም።

"አንቱ ሰውዬ፣ እያዩ ነው እንዴ የሚጸልዩት? ኧረ አሜን ይበሉና እኛም እንይ!"

አሜኑን ሳልጠብቅ ገለጥኩ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ዙሪያዬን ሳይ ሰዉ ሁሉ አንጋጧል፤ ግማሹ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል። ጨፍነን የቀረነው እኔና ባለቤታቸው ብቻ ነበርን።