ሁዳዴና የበረዶው ሳንቃ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ሮም ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል እንኳ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ፣ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ እግሬን ሳሳርፍ ማማተቤን አልተውኩም። የምሠራበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሲኞራዋ የበረንዳውን አበባ ውኃ አጠጪ ስትለኝ በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ ነው የማጠጣው። ግማሹ ውኃ ወለሉ ላይ ይፈስና እሱን መልሼ እወለውላለሁ።

እግዚአብሔር ለእንዲህ ያለች ሴት አንድ ልጅ ሰጣት፤ ልጅቱም ከተራራ ጫፍ ራሷን ቁልቁል የምትለቅ ሆነች።

ጥፋቱ የኔ ነው። ትምህርት ቤቷ በክረምት ተማሪዎቹን ለአንድ ሳምንት ተራራ ሲወስድ ፊርማ ጠየቁኝ፣ ፈረምኩ። እዚህ አገር ሰው ሲፈርም ነው የሚኖረው፤ ለመኖሪያ ፈቃዱ ለፔርሜሶ ይፈርማል፣ ለቤት ይፈርማል፣ ለሐኪም ይፈርማል። ወረቀቱ ላይ «ንጹሕ አየር» የሚል አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። ልጄ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ጉልበቷ በልዞ፣ ዓይኗ ግን በርቶ ተመለሰች።

«ማማ፣ አገኘሁት» አለችኝ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«ምኑን?»

«የምሆነውን።»

ያገኘችው ነገር ስኖውቦርድ ይባላል። እኔ ሳንቃው እለዋለሁ። ሰው ሁለት እግሩን አንድ ሳንቃ ላይ ያስርና በበረዶ ላይ ቁልቁል ይለቀቃል። የሷ ውድድር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አራት ሆነው እኩል ይነሡና ጉብታና ጠመዝማዛ በሞላበት መንገድ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ይወርዳሉ። ቀድመው የደረሱት ሁለቱ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋሉ፣ ሁለቱ እዚያው ይቀራሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሳቁብኝ። የኛ ሰው ሻምፒዮን ሲባል የሚያውቀው ሯጭ ነው። «አገርሽ ተንሸራታች መቼ አፍርቶ ያውቃል?» አለችኝ አንዷ። «ሩጫ አስገቢያት። ብትወድቅ እንኳ ሜዳ ላይ ነው።» አብሬ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። በክረምቱ ቅዳሜ ሁሉ ገና ሳይነጋ ከቲቡርቲና በአውቶቡስ ወደ አብሩዞ ተራሮች ትሄዳለች፤ እኔ ሲኞራዋ ቤት ስልኬን የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ እሠራለሁ። ማታ «ደረስኩ» የሚል መልእክት እስኪመጣ እህል በአፌ አይዞርም። አንድ ጊዜ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ መልእክቱ ሁለት ሰዓት ዘገየ። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ልጄን አልቅሼ ቀብሬ፣ ሠልስት አውጥቼ፣ አርባዋን አስቤ ነበር። በሩን ከፍታ ስትገባ በጥፊ መታኋት፤ ከዚያ አቅፌ ብስማት ብስማት አልጠግብ አልኩ።

በሦስተኛው ክረምት አሠልጣኙ ላነጋግርዎት ብሎ ቲቡርቲና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኝ። ፊቱን ፀሐይና በረዶ ያጨማደደው አጭር የተራራ ሰው ነው። ልጄ ለመላ አገሪቱ የወጣቶች ውድድር እንደተመረጠች ነግሮኝ ለፊርማ ወረቀት ሰጠኝ። «ሻምፒዮን የሚወጣት ልጅ ናት» አለኝ።

«ሌሎቹ የሌላቸው እሷ ያላት ምንድን ነው?» አልኩት። ጀግና ናት፣ ደፋር ናት እንዲለኝ ጠብቄ ነበር።

«ትፈራለች» አለ። «የማይፈሩትን ሁለት ዓመት አሠለጥናቸዋለሁ፣ ከዚያ ሆስፒታል ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ልጅዎ ግን መንገዱን በእግሯ አራት ጊዜ ወጥታ ጉብታውን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። መነሻው ላይ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትሄዳለች።»

«እንግዲያው እኔን ያሠልጥኑኝ፤ የዓለም ሻምፒዮን እሆናለሁ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። አልፈርምም ብል ልጄ እንደምትጠላኝ አውቃለሁ። ብፈርም ደግሞ ትሞትብኛለች። ሁለቱን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩና አንድ ተንኮል መጣልኝ። የሁዳዴ ጾም በሚቀጥለው ሰኞ ይገባ ነበር።

«ሁዳዴን እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾምሽ እፈርማለሁ» አልኳት።

ሒሳቤ ይህ ነው፦ ልጄ የሮም ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጧት ካፑቺኖና ኮርኔቶ ካልቀመሰች ዓይኗ አይገለጥም። ሦስት ቀን አትቆይም፤ ራሷ ትገድፈዋለች፣ እኔም ነጻ እወጣለሁ። እኔ አልከለከልኳትም፣ ጾሙ ነው የከለከላት ይባላል።

ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። «እስከ ውድድሩ ድረስ፣ ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ቫ ቤኔ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

አፌን በቆረጠው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጾመች። ሁለተኛውንም ጾመች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው፤ ሽሮዋን ቁጭ ብላ ትበላለች፣ አንድም ቀን አላማረረችም። ሱሪዋ ሰፍቷት ቀበቶዋ ላይ በመቀስ አዲስ ቀዳዳ ስታበጅ አየኋት። ያን ጊዜ በቃሽ ማለት ነበረብኝ። ነገ ትገድፋለች፣ ከነገ ወዲያ ትገድፋለች እያልኩ ዝም አልኩ። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ብዕር ሰጠችኝ። ፈረምኩ። ፊርማዬ የኔ አይመስልም ነበር።

ውድድሩ አርብ ቀን ነበር። ከሲኞራዋ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ሄድኩ፤ ከዚህ በኋላ ስልክ ጠብቄ መኖር አልቻልኩም። አውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ከጓደኛዋ ጋር ተቀመጠች። ጓደኛዋ ከሷው ቡድን ናት፣ ጸጉሯ ቀይ፣ ቅንድቧም ቀይ። እኔ አጠገብ የዚያች ልጅ እናት ተቀመጠች። ጣሊያናዊት ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ትመስለኛለች።

«ትፈሪያለሽ?» አለችኝ መንገዱ ተራራውን መውጣት ሲጀምር።

«በጣም።»

«እኔ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ አለመድኩትም» አለችና እጄን ያዘችኝ። በየጠመዝማዛው ጠበቅ ታደርገዋለች። ከፊታችን ልጆቹ ብስኩት ይቀባበላሉ። ልጄ ለጓደኛዋ አሳልፋ በመስኮት ታያለች።

ተራራው ግርጌ ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኗል፤ የልጄ ዙር አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጫማዋን ስታስር ጣቶቿ ማሰሪያውን መያዝ አቃታቸው። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር ፊቴ የተገተረው፤ ራሴ አስርቤ ገደል ልሰዳት ነው።

ከቦርሳዬ ዳቦና ሙዝ አወጣሁ። «ብዪ። ፈትቼሻለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«እኔ እናትሽ ነኝ፣ ብዪ እያልኩሽ ነው!»

«ማማ፣ ቃል ገብቻለሁ። ደግሞ የምትፈቺው አንቺ አይደለሽም» አለችና ሳንቃዋን ይዛ ወደ ላይ በሚወስደው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ አንሥቷት ሄደ።

እውነቷን ነው፤ የሚፈታው የንስሐ አባት ነው፤ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ሮም ላሉት አባታችን ደወልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አነሡ። ነገሩን አጣድፌ ነገርኳቸው።

ከዚያ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚ ያልሻት ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ልጄ በሃይማኖቷ እንድትጸና ብዬ…»

«ልጄ፣ እውነቱን።»

«እንዳትሄድብኝ ነው አባ። እንዲያቅታት ብዬ ነው። ፈርቼ ነው።»

«እንግዲህ ጾሙን ገደል መዝጊያ አደረግሽው» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈትቻታለሁ፣ ትብላ። ግን ለምን እንዳሰርሻት በራስሽ አፍ ንገሪያት። የሷን ሰዓት አንቺ ትጾሚላታለሽ። በይ አሁን ሩጪ።»

የት ልሩጥ? ወደ ላይ ያለው መንገድ ያ ወንበር ብቻ ነው። ከብረት ገመድ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ ምንም የለም። ዳቦውን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩና ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩበት። እግሬ ከመሬት ሲለቅ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራሁ፤ የማላውቀውንም ሳልጠራ አልቀረሁም። ነፋሱ ወንበሩን ሲያወዛውዘው ብረቱን አቀፍኩ። ወደ ታች አላየሁም። ላይ ስደርስ ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው አወረዱኝ።

ልጄ መነሻው አጠገብ ተቀምጣለች። ስታየኝ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አባ ፈትተውሻል» አልኳት። «ጾሙ ደግሞ ተንኮሌ ነበር። ሄደሽ እንዳትሞቺብኝ፣ አቅቶሽ እንድትተዪው ብዬ ነው።»

ዳቦውን ተቀብላ ትልቅ ጉርሻ ገመጠች። «አውቃለሁ» አለች እያኘከች።

«ካወቅሽ ለምን ጾምሽ?»

«አንድ ነገር ከያዝኩ እንደማልለቅ እንድታዪ። አሁን አየሽ?»

«አየሁ» አልኩ። አልቅሼ ነበር፤ እንባው ጉንጬ ላይ ቀዘቀዘ። ሙዙን ጨርሳ ልጣጩን ሰጠችኝና ከጓደኛዋና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ልትሰለፍ ሄደች። የሷ እጅ እንደተባለው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲለቀቁ ማየት አልቻልኩም። ሰዎቹን ለምኜ ወደ ታች በሚመለሰው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። መሐል ስደርስ የፊሽካ ድምፅ ሰማሁ፤ ደጋግሞ ተነፋ። ያን ጊዜ ወንበሩ ቆመ። ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች አየሁ። ከመድረሻው በላይ አንዲት ልጅ በረዶው ላይ ተዘርግታለች። ሰማያዊ ጃኬት፣ ነጭ የራስ ቁር። የቡድናቸው ልብስ ነው። አትንቀሳቀስም። ሰዎች ቃሬዛ እየጎተቱ ይሮጣሉ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ዳቦው ዘገየ፣ አዙሯት ነው፣ እኔ ነኝ የጣልኳት፤ ይህን ብቻ ነው የማስበው። ልዝለል ብዬ ብረቱን ይዤ ተነሣሁ፤ ወንበሩ ሲወዛወዝ መልሶ አስቀመጠኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆመ አላውቅም። ሲንቀሳቀስ ድምፄ በጩኸት ተዘግቶ ነበር።

ታች ስወርድ ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ በእጄም በእግሬም ብዬ መድረሻውን ያጠረው መረብ ጋ ደረስኩ። የልጅቷን መነጽር ከዓይኗ ከፍ አደረጉት። ቅንድቧ ቀይ ነው።

የኔ አይደለችም። ተንበረከክሁ፣ ግንባሬን በረዶው ላይ ደፋሁ። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ማቆም አልቻልኩም።

አንድ እጅ ጀርባዬ ላይ አረፈ። የቀይዋ ልጅ እናት ናት። አጠገቤ ተንበርክካ ፊቷን አንገቴ ሥር ወሸቀችና ተንሰቀሰቀች። ለልጇ እየጸለይኩላት መስሏታል። «ግራዝዬ» ብላ አመሰገነችኝ፣ «ደግመሽ ጸልዪላት፣ እባክሽ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጇን አልገፋሁም፣ አላቀፍኳትምም።

ልጄ ሳንቃዋን በብብቷ ይዛ መጣች። ሁለተኛ ወጥታ አልፋ ነበር፤ ስለዚያ አላነሣችም። መረቡ ጋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ማማ፣ ተመስገን ያልሽው ለማን ነው?» አለችኝ በአማርኛ፣ በቀስታ።

«ላንቺ» አልኳት። በዚያን ቀን ሌላ ውሸት መጨመር አቃተኝ።

ሴትዮዋን አየቻት። «አትንገሪያት» አለች። «አሁን ግን ለሷ ጸልዪ፤ የእውነትሽን።»

አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ። ሴትዮዋ አንድ ቃል ሳይገባት «አሜን» ትላለች።

ልጅቷ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተረፈች። እናቷ በየዓመቱ ለፋሲካ ትደውልልኝና ለዚያን ቀን ጸሎቴ ታመሰግነኛለች። እኔም «ምንም አይደል» እላታለሁ። ልጄ ስልኩ ሲመጣ አጠገቤ ካለች ተነሥታ ከክፍሉ ትወጣለች።