ደህና ልጅ ነው አሉ፣ ከዚያ ዝም አሉ

«በማስተዋል» የሚል ሰው ስሰማ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተውሳከ ግስ ሳስተምር «በጥንቃቄ»፣ «በዘዴ»፣ «በማስተዋል»፣ «በእርጋታ» እያልኩ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ተማሪዎቹን ዓረፍተ ነገር ሥሩ እላቸዋለሁ። እነሱም ይሠራሉ፦ «አባቴ በማስተዋል ተናገረ።» «እናቴ በጥንቃቄ መለሰች።» ጎበዝ እላለሁ። በሆዴ ግን፣ ምን ሸሽጋ ይሆን እንዲያ ተጠንቅቃ የመለሰችው እላለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። እንዲህ ያደረገኝ የራሴ የጋብቻ ጉዳይ ነው፤ ያውም ገና ያላለቀ።

ልጁ የከብት ሐኪም ነው። ሥራው እኛው ከተማ ነው፣ አገሩ ግን ከላላ በኩል ነው። የተዋወቅነው የአከራዬ ላም ታማ ሊያያት የመጣ ጊዜ ነው። አከራዬን እትዬ ነው የምላቸው፤ ሙስሊም ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ላሚቷ ዳነች፣ እሱ ግን «እስቲ እንዴት አደረች» እያለ መመላለሱን አልተወም። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲለኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ወድጄው ነበር።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው «ደግ» አሉ። «ግን በማስተዋል ይሁን። ሽማግሌ ደጃችን ሳይደርስ ይጣራ።» እንዲያጣራ የተላከው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። በዘዴ መጠየቅ ያውቅበታል ይባልለታል።

እኛ ዘንድ ለጋብቻ የታሰበ ሰው በቀጥታ አይጠየቅለትም፤ ነውር ነው። ሰውየው አገር ትሄድና በቅሎ ፈላጊ ትመስላለህ። ገበያ ገብተህ የበቅሎ ጥርስ ታያለህ፣ ኮቴ ታነሣለህ፣ ዋጋው አይጥምህም። ጨዋታው ሲደራ ልጁን ታነሣና አንተው ራስህ ታመሰግነዋለህ። «የእገሌ ልጅ እንዴት ያለ ሰው ወጣው ጃል!» ትልና ዝም። ሰሚው ምስጋናውን ከቀጠለ መልካም። «እሱስ ልክ ነህ፣ ግን…» ካለ፣ ያቺን «ግን» ይዘህ አገርህ ትገባለህ።

አጎቴ «ግን» አላመጣም። የባሰ ይዞ መጣ።

«ደህና ልጅ ነው አሉ» አለ ጋቢውን እያስተካከለ።

«ከዚያስ?» አሉ አባቴ።

«ከዚያማ ዝም።»

«ማን ነው ዝም ያለው?»

«ሁሉም! በቅሎ ሻጩ ዝም፣ ባለ ጠላዋ ዝም፣ ቄሱ እንኳ ዝም። ደህና ልጅ ነው ይሉና አፋቸውን ሰብሰብ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። እኔን ካመናችሁኝ፣ አንድ ነገር አለ።»

እናቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። አገር ሙሉ ሰው ተስማምቶ ዝም የሚልለት ምን ዓይነት ጉድ ነው? በሽታ ነው? ደም ነው? የተደበቀች ሚስት ናት? አባቴ «በእርጋታ እናስብበት» አሉ። እኛ ቤት በእርጋታ የታሰበበት ነገር ሲሆን አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አጎቴን ነው። ወረኢሉ የከብት ነጋዴ ወዳጅ አለው፤ ያ ወዳጁ ደግሞ ያላገባ ወንድም አለው። ሁለት ጊዜ «ሸጋ ልጅ ነው» ብሎ ሲያነሣልኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬዋለሁ። ታዲያ ዝምታውን ራሱ ፈጥሮት ቢሆንስ? ግን አጎቴ ነገር ያጋንናል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ዞሮ ልጁ ላይ አረፈ። ስልኩ ሲጠራ ለምን ደጅ ይወጣል? ለመስቀል ሰው ሁሉ አገሩ ሲገባ እሱ ለምን እዚህ ቀረ? ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። ስንገናኝ እጁን እያየሁ፣ ቀለበት የነበረበት ምልክት እፈልግ ነበር።

አልቻልኩም። ከሥራ ስንወጣ ሻይ ቤት አስቀመጥኩትና ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «አገርህ ሰዎች ስለ አንተ ሲጠየቁ ለምንድን ነው ዝም የሚሉት?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ያ በቅሎ ሳይገዛ የሄደው ሰውዬ የእናንተ ነው ማለት ነው» አለ።

ከዚያ ነገረኝ። ከእኔ በፊት ማሻ በኩል አንዲት ልጅ ታጭታለት ነበር። የእሷም ቤተሰብ ጠያቂ ላከ። ያን ጊዜ ጎረቤቶቹ ሊጠቅሙት ብለው ሰማይ ሰቀሉት። ከእሱ ወዲያ ላሳር አሉ። ጠያቂው ተመልሶ «እንዲህ የሚያሞግሱት ሊገላገሉት ቢፈልጉ ነው፤ ይህ ሁሉ ምስጋና ያለ ነገር አይደለም» አለና ጋብቻው ፈረሰ። እናቱ አልቅሳ አልቅሳ፣ ኋላ በየጎረቤቱ ዞረች። ዳግም ጠያቂ ከመጣ እባካችሁ በጥንቃቄ መልሱልኝ፣ ደህና ልጅ ነው በሉ፣ አታብዙ ብላ ለመነቻቸው።

«ይኸው አላበዙም» አለኝ። «ሲያወሩ ተጠረጠርኩ፣ ዝም ሲሉ ተጠረጠርኩ። ምን ይሁኑልሽ?»

አንጀቴን በላው። እያሳዘነኝ ግን፣ እንዴት ቶሎ መለሰ፣ ተዘጋጅቶበት ይሆን እንዴ እያልኩም ነበር። ፊቴ ላይ አየብኝ መሰል።

«አሁንም እየመዘንሽኝ ነው» አለ።

«አዎ» አልኩት። ምን ልዋሽ። «ስልክህንስ ለምን ደጅ ወጥተህ ታነሣለህ?»

«ያንቺ ቤት ኔትወርክ አለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። ከዚያ ሻዩን ጨለጠና «ይሁን ግዴለም፤ አንቺ እንኳ በፊቴ ነው የምትመዝኚኝ» አለ። ያን ጊዜ ልቤ ቆረጠ። ይህን ሰው አገባዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ሄጄ ታሪኩን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከሰል ላይ ያለውን ጀበና እያዩ ሰሙኝ። ሲያበቃ «በማስተዋል ነው የወሰንሽው?» አሉ።

«አይደለም አባዬ» አልኳቸው። «ወድጄው ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አባቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረው «ይቺ ልጅ የምትቸኩልበት ምክንያት አላት» አሉ። ምን ምክንያት? ከአሁን በላይ ምን ልናገር? አጎቴ ጥግ ቁጭ ብሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል።

«ዛሬ እንግዳ ነበረኝ» አሉኝ። «ላም የሚገዛ ሰውዬ።»

ክው አልኩ። «ላሚቷን ሊሸጡ ነው እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! አልሸጥም ስለው እንኳ አልሄደም። ጋቢ የለበሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጡቷን አየ፣ ጥርሷን አየ፣ ከዚያ አንቺን አንሥቶ ‹እዚህ የምትኖረው አስተማሪ እንዴት ያለች ሸጋ ናት› አይለኝም! እኔ ደግሞ የልጁ ወገን የላከው ጠያቂ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።»

«እና ምን አሉት?»

«አብሽሪ!» አሉ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «ወላሂ በእኔ አፍማ ክፉ አያገኝሽም። ደህና ልጅ ናት አልኩት፣ ከዚያ ዝም። በጥንቃቄ ነው የመለስኩት።»

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ይሂዱ ይጥሩት፣ መናኸሪያ ሳይደርስ! ቁጡ ናት ይበሉት፣ ወጥ ታሳርራለች ይበሉት፣ ጠዋት ጠዋት አትናገርም ይበሉት፤ ብቻ ያውሩ፣ በአላህ፣ የፈለጉትን ያውሩ!» እንባዬ መጣ።

እትዬ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ትክ ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምነው ልጄ፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ እንዴ?»