የእናቴ ትከሻ የተጻፈበት ወረቀት

እኔ የተዘጋ ነገር አልወድም። ልጅ ሆኜ የቤታችንን ራዲዮ ፈታትቼ መልሶ መግጠም አቅቶኝ ተገርፌያለሁ፤ ግርፊያው ግን አልመለሰኝም። ዛሬም በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ፣ ቅዳሜ ሲደርስ እጄን ይበላኛል። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ ጋ ወርጄ ብረት ስቀጠቅጥ እውላለሁ።

አምና የያዘኝ አባዜ የእንሰት መፋቂያ ማሽን ነበር። እናቴ የምትኖረው ጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ነው። ዕድሜ ልኳን እንሰት ስትፍቅ ኖራ፣ አሁን ቀኝ ክንዷ ከትከሻ በላይ አልወጣ ብሏል። የጎረቤታችን አዲስ ሙሽራ እየመጣች ትፍቅላታለች። እናቴ ደግሞ የሰው እጅ መጠበቅ ሞቷ ነው። "የራሴን እንሰት መፋቅ ካቃተኝ የቤቱ እመቤት ማን ሊባል ነው?" ትላለች። እኔም ማሽን እሠራልሻለሁ ብዬ ፎከርኩ።

ስልኬ ላይ ስፈልግ ስፈልግ አንድ ጥናት አገኘሁ። በጋሞ ደጋ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚያወጡት ጉልበት፣ እንሰቱ ተደግፎ የሚፋቅበት ሳንቃ ተዳፋት፣ የመፋቂያው ዓይነት ሁሉ ተለክቷል። እሰይ አልኩ! የሚነበበው ግን አጭሩ መግቢያ ብቻ ነበር። "የትከሻን ጫና የሚቀንስ አቀማመጥ ተገኝቷል" ይልና እዚያው ላይ ይዘጋል። የቀረውን ለማንበብ የሚጠየቀው ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር የደመወዜን ግማሽ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ብሩን ባገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል?

"ወረቀት ነው ወይስ በግ?" አለ ጓደኛዬ።

"በግ ቢሆንማ ጥርሱን አይቼ እገዛ ነበር" አልኩት። ቆሽቴ አርሯል። ምን ዓይነት አቀማመጥ ይሆን? ስንት ዲግሪ? መንገድ ላይ ስሄድ ሁሉ በመዳፌ ተዳፋት እሠራ ነበር።

በመጨረሻ በግምት ገባሁበት። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ስለት አውጥቼ፣ በእጅ የሚዞር ማሽን በይጄ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ጨንቻ ወጣሁ። ሙሽራዋ እንሰቱን አቀረበች፣ እኔ አዞርኩ። ይፍቃል! እልል ልል ስል የተፋቀው መጥቆር ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ለዓይን የሚያስጠላ ሆነ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። "ብረት ነክቶት ነው። ሴቱ ሁሉ በቀርከሃ የሚፍቀው ብረት አጥቶ መሰለህ? ምነው ብትጠይቀኝ?"

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ባሕር ማዶ ያለውን ወረቀት ሳሳድድ እናቴን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። አፈርኩ። ማፈሬን አይታ ነው መሰለኝ፣ ታጽናናኝ ጀመር።

"የዛሬ ስንት ዓመት ለጥናት ብለው የመጡት ልጆችም እንዳንተ ጠያቂዎች ነበሩ" አለች። "ክንዴ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ ሰዓት ይዘው አስፋቁኝ። ድንች ቀቅዬ አበላኋቸው። ያገኘነውን መጥተን እንነግርሻለን ብለው ሄዱ። ቃል ሰጥቶ መቅረት ጎሜ ነው።" ጎሜ በእኛ አገር መዘዝ የሚያመጣ ነውር ነው። እናቴ ፕሮቴስታንት ከሆነች ቆይታለች፤ ስትናደድ ግን ቃሏ ይኸው ነው።

ሽቦ? ሰዓት? እኔ የማሳድደው ያ ወረቀት ቢሆንስ?

ያንኑ ገጽ ከፍቼ እንደገና ሳየው፣ ከተመራማሪዎቹ ስሞች ሥር የአንዱ ኢሜይል ተጽፏል። ከዋጋው ላይ ዓይኔን ሳልነቅል ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ! ያለሁበትን ነግሬ ወረቀቱን እንዲልክልኝ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን ሙሉውን ወረቀት ላከልኝ። "ሻጮቹ እኛ አይደለንም" ይላል መልእክቱ። "ለጠየቀን ሁሉ እንሰጣለን። ከዚያ አካባቢ የጠየቀን ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።"

የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሲቀላ አልወረድኩም፤ ጨንቻ ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ፊት የማይታይበት ፎቶ አለ፤ ክንድ ብቻ። ክርኑ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። "እኔ ነኝ" አለች።

እንግሊዝኛውን ወደ ጋሞኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሳንቃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ትከሻን ይጎዳል። ዝቅ አድርጎ ማጋደምና ክንድ ማቀያየር ይበጃል። ለዓመታት በቆመ ሳንቃ ከተፋቀ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

እዚህ ላይ ቀና አልኩ። እናቴ በግራ እጇ ቀኝ ትከሻዋን ይዛለች።

"ሲለኩኝ እኮ ደህና ነበር" አለች።

ጓሮ ሙሽራዋ በዚያው በቆመ ሳንቃ ስትፍቅ ይሰማናል። እናቴ በስሟ ጠራቻት፤ መጥታ አጠገባችን እስክትቀመጥም ጠበቀች።

"በል ከመጀመሪያው አንብበው" አለችኝ። "ቀስ ብለህ። የእሷ ገና ደህና ነው።"