የድራማውን ሟች ያዳነችው

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ጉልበቷ ላይ ደፍታ፣ የሒጃቧን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። ስልኩ በነዘረ ቁጥር ትደነግጣለች።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ሰማሽ እንዴ?» አልኳት።

«አይ፣ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የሞተውን ልጅ፣ እኔ በጻፍኩት ታሪክ አድኜ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ባለፈው ጊዜ አንባቢዎቹ ‹ሁለተኛ እንዳትጽፊ› ብለው ሰደቡኝ። አስተያየቱን እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ስልኩን ሰጠችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላት፦ «እናቱ ድምፁን ሰምታ በሩን መክፈት ያቃታት ቦታ ላይ አለቀስኩ። ቀጣዩን ሲመችሽ ጻፊው፤ እንጠብቅሻለን።»

«ወላሂ እንዲህ ይላል?»

ስልኩን ተቀብላ ራሷ ደገመችው። ፈገግ ልትል ስትል ፊቷ መልሶ ጠቆረ።

«ቀጣዩን ባይወዱትስ?»

ሮቤ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ እየጻፈች ነበር።