በዓይን የተለካው መድኃኒት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሠፈሩ «ዓይነ ሜትር» ይለዋል፣ ሰው በሜትር ለክቶ ስለማያውቅ። ደንበኛ ከበር ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ የእጁን ርዝመት በዓይኑ ወስዶ ጨርሷል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክልና ስቀመቅም ሱሪ አጠረኝ ብሎ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ሜትሩ መሳቢያ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው።

ችግሩ ዓይኑን ለሁሉም ነገር ማዋሉ ነው። የሻይ ስኳር በዓይኑ፣ የግድግዳ ቀለም በዓይኑ። የጓሮውን ቧንቧ በዓይኑ ለክቶ ሁለት ጊዜ አስቆርጦ አሁንም አልደረሰም። ስናገረው ጆሮ ዳባ ልበስ። ደግሞ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ማሽኑ ላይ ካልሆነ ቁጭ ብድግ፣ ወጣ ገባ ነው። እኔ እሱን ሳይ ይደክመኛል።

ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓሮ ዘጠኝ ዶሮዎች አሉን። ልጃችን ካረገዘች ወዲህ እንቁላሉ የእሷ ነው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዷታል። ይሄ ሦስተኛው ነው፣ ገና አሥር ሳምንቱ። ከባሏ ጋር የምትኖረው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ስለሆነ በየጠዋቱ ሦስት እንቁላል በፎጣ ጠቅልዬ እወስድላታለሁ፤ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ስትበላ ቆሜ አያለሁ። «እማዬ፣ በቃኝ» ብትል አልሰማትም። ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መደርደሪያውን ሳጸዳ ከማሽን ዘይቱ ጀርባ ነጭ ጠርሙስ አገኘሁ። የበግ ሥዕል አለበት፤ ግማሹ አልቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ማሽኑን አላቆመም። «የትል መድኃኒት። ዶሮዎቹ ከስተው ነበር፣ ኩሳቸው ላይም ትል አየሁ። ጎረቤታችን ለበጎቹ ሰጥቶ ተስማማቸው ሲል ሰምቼ የተረፈውን ተቀበልኩት።»

«ስንት ሰጠሃቸው?»

«ውሃቸው ላይ ጠብ አደረግኩበት።»

«ጠብ ማለት ስንት ነው?»

«በዓይኔ ለካሁት፣ አትጨነቂ። እሑድ ነው የሰጠሁት፣ ይኸው ደህና ናቸው።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እኔ ቤት ግን ሲሉ የሰማው ባለዶሮው ነው። መነጽሬን አድርጌ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። መድኃኒቱን የወሰደ በግ ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ይናገራል፤ ስለ ዶሮ አንድ ቃል የለም። ከታች ደግሞ እርጉዝ ሴት እንዳትነካው ይላል።

እንዳትነካው። ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሦስት አብልቻታለሁ። የሐሙሱ ጠረጴዛው ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጠብቀኛል። ጽሑፉን ጮክ ብዬ ሳነብለት ማሽኑ ቆመ።

አንዷን ዶሮ በብብቱ አቅፎ፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ፣ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሕትና ያለው።

«አባቴ፣ ይቺ ዶሮ ስንት ትመዝናለች?»

«ሁለት ኪሎ ታልፋለች» አለ ባሌ ሳያመነታ።

ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ፣ ዶሮዋን አየ።

«መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ነው» አለ ሐኪሙ። «ሲበዛ ይመርዛታል፤ ሲያንስ ደግሞ ትሉ ይለምደውና ሌላ ጊዜ አይበግረውም። ውሃ ላይ በግምት ሲጨምሩት አንዷ ብዙ ትጠጣለች፣ የታመመችው ሳትቀምሰው ትቀራለች። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ ኩሱን አምጡልኝ፣ ልመርምረው። እንቁላሉን እስከዚህ ቀን ድረስ ሰው አይብላው፤ ለውሻም አትስጡ።» ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፈና ቀና አለ። «እስካሁን የበላ ሰው አለ?»

ባሌ ኮፍያውን ያሻሻል። እኔ ነገርኩት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

«በእንቁላል የሚያልፈው ትንሽ ነው። ግን እኔ የዶሮ ሐኪም ነኝ፣ በዚህ አልፈርድም። ዛሬውኑ ለዶክተሯ ትንገር፣ ጠርሙሱንም ይዛ ትሂድ።»

መንገድ ላይ ባሌ ቀደም ይላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቀድማል። «ባንነግራትስ?» አለኝ። «ጭንቀቱ ራሱ ይጎዳታል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቆሜ ያበላኋት እኔ ነኝ። የምትነግራት ግን አንተ ነህ» አልኩት። ዶሮዋ ብብቱ ሥር ታየኛለች፤ ከሁላችንም የተረጋጋችው እሷ ነበረች።

ልጃችን በሩን ከፍታ አባቷን ከነዶሮው ስታይ ሳቀች። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ነገራት። ሳቋ ጠፋ። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ ስንት ነው የጨመርከው? ዶክተሯ ትጠይቀኛለች።»

ዞር አለ። «አላውቅም» አለ። «አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አሳዘነኝ፣ ልደብድበውም ፈለግኩ።

የሆስፒታሉን ኮሪደር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰበት እንጃ፤ አንዲት ነርስ «አባባ፣ ወለሉን ጨረሱት እኮ» አለችው። ልጃችን ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። የፅንሱን የልብ ምት አሰምተዋታል። ዶክተሯ ጠርሙሱን አይታ፣ በእንቁላል የደረሰሽ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ቃል አልገባም፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሽ እናያለን ብላታለች።

ሁለት ሳምንት ለባሌ ዕድሜ ልክ ሆነበት። ከእንስሳት ሐኪሙ የልኬት መስመር ያለው ትንሽ ሲሪንጅ ተቀብሎ፣ ኩሱን አስመርምሮ፣ ለዶሮ የታዘዘውን መድኃኒት፣ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እየመዘነ፣ በአፋቸው ሰጠ። እንቁላል የማይበላበትን ቀን በልብስ ጠመኔ በሩ ላይ ጻፈው፤ ከእነሱ የወጣውን እንቁላል ሁሉ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረ። በመሃል በመሃል ማሽኑን እያቆመ «ደውዪላት» ይለኛል።

በአራተኛው ወር ቀሚስ ጠበበኝ ብላ ሱቁ መጣች። እንደ ልማዱ አንዴ ያያትና ጨርቅ ይቆርጣል ብዬ ጠበቅኩ። መሳቢያውን ከፈተ። ሜትሩ ከመቆየቱ ብዛት ተጠቅልሎ የቀረ ነው፣ በእጁ አቃናው።

«አባዬ፣ ዓይንህ የት ሄደ?» አለችው።

በሆዷ ዙሪያ አዞረ፣ ቁጥሩን አነበበልኝ፣ ጻፍኩ። «የዛሬ ሳምንት ነይ» አላት፣ ቀሚሱን እዚያው ሰፍቶ የሰጣት ቢሆንም።

በሳምንቱ መጣች። ለካ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ለካ።

«ሁለት ሴንቲ ጨምሯል» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ፣ ሜትሩን እንደያዘ፣ እስክትሄድም አልተነሳም።